የዶሜን ስም ሽያጭና በገዢው ድርጅት ትክክለኛውን ኃላፊ ማግኘት

የዶሜን ስም ቀጥታ ሽያጭ ማለት የአንድ ዶሜን ስም ባለይዞታ ገዢ እስኪመጣ ሳይጠብቅ፣ ስሙ ይጠቅመዋል ብሎ ለሚያስበው ድርጅት ራሱ ቀርቦ የሽያጭ ሐሳብ የሚያቀርብበት የግብይት ዓይነት ነው። በዚህ ሥራ ከባዱ ክፍል ብዙ ጊዜ ዋጋ መቁረጥ ሳይሆን በድርጅቱ ውስጥ የመወሰን ሥልጣን ያለውን ሰው ማግኘት ነው። መልእክቱ ለማይመለከተው ሰው ከደረሰ እንደ ማስታወቂያ ወይም እንደ ማጭበርበሪያ ተቆጥሮ ይሰረዛል። የሌላውን የንግድ ምልክት በሚነካ ስም ላይ ከተላከ ደግሞ መልእክቱ ራሱ በላኪው ላይ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል።

መሠረታዊ ሐሳብ

ዶሜን ስም በኢንተርኔት ላይ የአንድን ድረ ገጽ ወይም የኢሜይል አገልግሎት አድራሻ ሰው በሚያስታውሰው ቃል የሚገልጽ መለያ ነው። ስሞቹን ወደ ኮምፒውተር አድራሻ የሚተረጉመውን ሥርዓት (ዲኤንኤስ) እ.ኤ.አ. በ1983 የነደፈው አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ፖል ሞካፔትሪስ ነው። የመጀመሪያው የዶት ኮም ስም «ሲምቦሊክስ ዶት ኮም» የተመዘገበው እ.ኤ.አ. መጋቢት 15 ቀን 1985 ነበር። ከ1998 ጀምሮ ሥርዓቱን በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚያስተባብረው አይካን የተባለው ድርጅት ነው።

አንድ ስም በአንድ ቅጥያ ሥር ሊመዘገብ የሚችለው ለአንድ ባለይዞታ ብቻ ነው። ይህ ብቸኝነት ነው ለስሙ የገበያ ዋጋ የሚሰጠው። ሆኖም ባለይዞታው ስሙን ለዘለዓለም አይገዛውም። በዶት ኮምና በመሳሰሉት ቅጥያዎች ምዝገባው ከ1 እስከ 10 ዓመት ለሚደርስ ጊዜ የሚቆይና የሚታደስ ነው፤ ካልታደሰ ስሙ ተመልሶ ለሌላ ሰው ክፍት ይሆናል። «ዶሜን ሸጠ» ሲባልም በሥራ ላይ ያለውን ምዝገባ ለሌላ ሰው አስተላለፈ ማለት ነው።

የዶሜን ስም ሽያጭ ሁለት መንገዶች አሉት። በመጀመሪያው መንገድ ባለይዞታው ስሙን እንደ ሴዶ ወይም አፍተርኒክ ባሉ የዶሜን ገበያዎች ላይ ይዘረዝራል፣ ወይም ስሙን ለሚጎበኝ ሁሉ «ይህ ስም ለሽያጭ ቀርቧል» የሚል ገጽ አዘጋጅቶ ጠያቂ ይጠብቃል። በሁለተኛው መንገድ ራሱ ገዢ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ዝግ ያለ ነው፤ ጠያቂው ፈልጎ ስለሚመጣ ግን ለሻጩ የተሻለ የመደራደር አቅም ይሰጣል። ሁለተኛው ፈጣን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጥናት፣ ትዕግሥትና የሕግ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

በይፋ የታወቁ አንዳንድ ሽያጮች ከፍተኛ ገንዘብ ያስገኙ ናቸው። የአሜሪካ የገበሬዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን «ኤፍ ቢ ዶት ኮም» የተባለውን ስም ለፌስቡክ በ8.5 ሚሊዮን ዶላር መሸጡ እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ታውቋል። ማይክሮስትራተጂ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ «ቮይስ ዶት ኮም» የሚለውን ስም በ2019 በ30 ሚሊዮን ዶላር ሸጧል። የቴስላ ኃላፊ ኢሎን ማስክም «ቴስላ ዶት ኮም»ን ለማግኘት ወደ 10 ዓመትና 11 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደወሰደ ተናግሯል። እነዚህ ግን ልዩ ሁኔታዎች ናቸው። ለሽያጭ ተብለው የሚመዘገቡ አብዛኞቹ ስሞች ገዢ ሳያገኙ የዓመት ክፍያ እየበሉ ይቆያሉ።

ገዢ ሊሆን የሚችለውን ድርጅት መለየት

ሰውን ከመፈለግ በፊት ድርጅቱን መለየት ያስፈልጋል። ለአንድ ስም የተሻሉ ገዢዎች የሚባሉት አብዛኛውን ጊዜ ከሚከተሉት አንዱ ናቸው፦

* ያንኑ ስም በሌላ ቅጥያ የሚጠቀም ድርጅት፤ ለምሳሌ ዶት ኔት ወይም የአገር ቅጥያ ይዞ የሚሠራ፤
* ስሙ ስለተያዘበት ተጨማሪ ቃል ወይም ሰረዝ ጨምሮ ረዘም ያለ አድራሻ የሚጠቀም ድርጅት፤
* በቅርቡ ስሙን የቀየረ፣ ከሌላ ጋር የተዋሐደ ወይም ወደ አዲስ ገበያ የገባ ድርጅት፤
* ስሙ የሚገልጸውን ዕቃ ወይም አገልግሎት በሚሸጡ ድርጅቶች መካከል ለፍለጋ ማስታወቂያ ገንዘብ የሚከፍል ድርጅት።

እዚህ ላይ አንድ ወሳኝ ጥያቄ ይነሣል። በዚህ ስም የሚጠሩ ድርጅቶች ስንት ናቸው? በኢትዮጵያ «ዓባይ» ወይም «ንብ» የሚለውን ቃል ባንክም ኢንሹራንስም ይጠቀምበታል፤ ቃሉ የሁሉም ስለሆነ አንድ ድርጅት ብቻውን የእኔ ነው ለማለት ይቸገራል። በአንጻሩ ለአንድ ኩባንያ ብቻ ተፈጥሮ የወጣ ስም ሌላ ተፈላጊ ገዢ የለውም። ገዢው አንድ ብቻ የሆነበት ስም ለሻጭ መልካም ዕድል ቢመስልም በሕግ ዓይን ግን አደገኛው እርሱ ነው። ምክንያቱ ከታች «የሕግ ወሰን» በሚለው ክፍል ተብራርቷል።

በድርጅቱ ውስጥ የሚወስነው ማን ነው?

የኃላፊዎች የሥራ ድርሻ እንደ ድርጅቱ መጠን ይለያያል። ስለዚህ የፍለጋው አቅጣጫም አብሮ ይለወጣል።

በአነስተኛ ድርጅት የሚወስነው ባለቤቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ ነው። የድርጅቱ ጠቅላላ ኢሜይል እንኳ ብዙ ጊዜ የሚነበበው በራሱ በባለቤቱ ወይም በቅርብ ረዳቱ ነው። በዚህ ደረጃ ረጅም ፍለጋ አያስፈልግም፤ ስልክ መደወልም ከኢሜይል ይበልጥ ይሠራል።

በጀማሪ የቴክኖሎጂ ድርጅት ወሳኞቹ መሥራቾቹ ናቸው። ስለ ድርጅቱ መለያ በግል ስለሚያስቡ ለስም ጉዳይ ፈጣን መልስ ይሰጣሉ። አዲስ የገንዘብ ድጋፍ ማግኘታቸው በዜና የወጣበት ጊዜ ስማቸውን ለማሻሻል አቅም የሚኖራቸው ጊዜ ነው።

በመካከለኛ ድርጅት ጉዳዩ የሚመለከተው የማርኬቲንግ ኃላፊውን ነው። ስሙ በማስታወቂያ፣ በፍለጋና በደንበኛ አመኔታ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ መመዘን የሚችለው እርሱ ነው፤ በጀትም አለው። የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊው የዶሜኖቹን ዕድሳትና ቴክኒካዊ ሥራ ቢይዝም አዲስ ስም የመግዛት ፍላጎትም ሥልጣንም ላይኖረው ይችላል። ብዙ ሻጮች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ዶሜን የኮምፒውተር ጉዳይ ስለሚመስላቸው መልእክቱን ወደ ቴክኒክ ክፍል ይልካሉ፣ በዚያም ይቀራል።

በትልቅ ኩባንያ ዶሜኖችን የሚከታተል ራሱን የቻለ ሰው ወይም ቡድን ይኖራል። ይህ ቡድን ብዙ ጊዜ በሕግ ክፍል ሥር ከንግድ ምልክት ጥበቃ ጋር ተያይዞ ይገኛል። እንዲህ ያሉ ኩባንያዎች ስሞቻቸውን ማርክሞኒተርና ሲኤስሲን በመሰሉ ለድርጅቶች ብቻ በሚሠሩ መዝጋቢዎች በኩል ያስተዳድራሉ። ወደ ሕግ ክፍል የሚደርስ የሽያጭ ሐሳብ የሚመረመረው በመጀመሪያ «ይህ ሰው መብታችንን ነክቷል ወይ?» በሚል ጥያቄ ነው። ወደ አንድ የምርት ክፍል ኃላፊ የደረሰ ሐሳብ ግን «ይህ ስም ለምርታችን ይጠቅማል ወይ?» በሚል ይታያል። ስሙ የማንንም መብት የማይነካ ከሆነ ሁለተኛው በር የተሻለ ነው። መጨረሻ ላይ ግን የሕግ ክፍሉ ማየቱ አይቀርም።

ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ መላክ ጉዳት አለው። ተቀባዮቹ መልእክቱን እርስ በርስ ሲያስተላልፉ ሁሉም «ሌላው ይመልሳል» ብሎ ይተወዋል፤ ላኪውም የጅምላ ማስታወቂያ የሚያሰራጭ ይመስላል። የተለመደው አሠራር በቅድሚያ ከአንድ ሰው ጀምሮ፣ ምላሽ ከሌለ ከተወሰኑ ቀናት በኋላ ወደ ሌላ ኃላፊ መሄድ ነው። አጭር ጥያቄም ይረዳል፤ «ጉዳዩ እርስዎን የማይመለከት ከሆነ የሚመለከተውን ክፍል ቢጠቁሙኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ከዋጋ ዝርዝር ይልቅ ብዙ ጊዜ መልስ ያስገኛል።

አድራሻ የማፈላለጊያ መንገዶች

የምዝገባ መረጃ

ለረጅም ዓመታት የማንኛውም ዶሜን ባለይዞታ ስም፣ ስልክና ኢሜይል «ሁ ኢዝ» በሚባለው አገልግሎት ለሁሉም ክፍት ነበር። የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ (ጂዲፒአር) እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 2018 ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የግለሰቦች መረጃ በአብዛኛው ተሸፍኗል። መዝጋቢዎች ግን ለባለይዞታው መልእክት የሚያስተላልፍ ቅጽ ወይም ስም የማይገልጽ ኢሜይል እንዲያቀርቡ ይጠበቅባቸዋል። እ.ኤ.አ. ከጥር 28 ቀን 2025 ጀምሮ በዶት ኮምና በሌሎች ጠቅላላ ቅጥያዎች አሮጌውን አገልግሎት ማቅረብ ግዴታ መሆኑ ቀርቶ በአርዳፕ ተተክቷል። አርዳፕ ለተመሳሳይ ጥያቄ ኮምፒውተር በቀላሉ በሚያነበው ቅርጽ መልስ የሚሰጥ አዲስ ሥርዓት ነው።

ይህ መረጃ ለሽያጭ ያለው ጥቅም ውስን ነው። ድርጅቱ በያዘው ዶሜን ላይ የሚገኘው አድራሻ ብዙ ጊዜ የመዝጋቢው፣ የድረ ገጽ ሠሪው ወይም የቴክኒክ ክፍሉ እንጂ የወሳኙ ሰው አይደለም። ይበልጥ የሚጠቅመው ድርጅቱ የትኛውን መዝጋቢ እንደሚጠቀምና ስሙን መቼ እንዳስመዘገበ ማወቁ ነው።

የዲኤንኤስ መዛግብት

በእያንዳንዱ ዶሜን የዲኤንኤስ መዝገብ ውስጥ «ኤስኦኤ» የሚባለው ክፍል የኃላፊ ኢሜይል የሚጻፍበት ቦታ አለው። በተግባር የሚገኝበት ግን የአስተናጋጅ ኩባንያ አድራሻ ነው። «ኤምኤክስ» የሚባለው መዝገብ ድርጅቱ ኢሜይሉን በማን በኩል እንደሚቀበል ያሳያል። መዝገቡ ጨርሶ ከሌለ በዚያ ዶሜን የሚላክ ኢሜይል እንደማይደርስ መጠርጠርና ሌላ መንገድ መፈለግ ይገባል።

የተለመዱ የኢሜይል ስሞች

እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው አርኤፍሲ 2142 የተባለ ሰነድ ድርጅቶች ሊኖሯቸው የሚገቡ የጋራ ኢሜይል ስሞችን ዘርዝሯል። «ኢንፎ»፣ «ማርኬቲንግ»፣ «ሴልስ»፣ «ሰፖርት»፣ «ፖስትማስተር»፣ «ሆስትማስተር»፣ «ዌብማስተር» እና «አቢዩዝ» ከነዚህ መካከል ናቸው። ለሽያጭ ሐሳብ «ማርኬቲንግ» ወይም «ኢንፎ» ተገቢ ሊሆን ይችላል። «አቢዩዝ» ግን ጥቃትና ጥፋት ለሚጠቁሙ ሰዎች የተዘጋጀ ስለሆነ የሽያጭ መልእክት ወደዚያ መላክ አይገባም። ለደኅንነት ክፍተት ጥቆማ ተብሎ የሚለጠፍ አድራሻም እንዲሁ ነው።

የንግድ መዝገቦችና ይፋዊ ሰነዶች

በአክሲዮን ገበያ የተመዘገቡ የአሜሪካ ኩባንያዎች ለአገሪቱ የዋስትና ሰነዶችና ልውውጥ ኮሚሽን የሚያቀርቧቸው ዓመታዊ ሪፖርቶች ኤድጋር በተባለው የመረጃ ቋት በነፃ ይነበባሉ፤ የዋና ሥራ አስፈጻሚዎቹ ስምና የሥራ ድርሻም በውስጣቸው አለ። በብሪታንያ ኩባንያዎች ሃውስ የተባለው መዝገብ የእያንዳንዱን ኩባንያ ዳይሬክተሮች ስም ያሳያል። የንግድ ምልክት ቢሮዎች መዝገብ ደግሞ የምልክቱን ባለቤትና ወኪል ጠበቃ ያመለክታል። ይህን መዝገብ ማየት አድራሻ ከማግኘት በላይ ጥቅም አለው፤ ስሙ የሌላ ሰው የንግድ ምልክት መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ ያሳውቃል።

የሥራ መረቦችና ዜና

ሊንክድኢን የኃላፊዎችን ስምና የአሁኑን የሥራ ድርሻ ለማረጋገጥ በብዛት የሚያገለግል መረብ ነው። የድርጅቱ «ስለ እኛ» ገጽ፣ የጋዜጣዊ መግለጫዎች የግርጌ አድራሻና የባለሙያ ስብሰባዎች የተናጋሪዎች ዝርዝርም ጠቃሚ ናቸው። የቆየ መረጃ አሳሳች ስለሆነ ሰውየው አሁንም በቦታው መኖሩን ማጣራት ያስፈልጋል።

የኢሜይል ቅርጽ ግምት

ብዙ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው ኢሜይል አንድ ወጥ ቅርጽ ይጠቀማሉ። የአንድ ሠራተኛ አድራሻ በይፋ ከታወቀ የሌላውን መገመት ይቻላል። ግን የተሳሳተ ግምት ተመላሽ መልእክት ያስከትላል፤ ተመላሽ ሲበዛ የላኪው ዶሜን በኢሜይል አገልግሎቶች ዘንድ ያለው አመኔታ ይወርዳል። አንዳንድ ድርጅቶች ደግሞ የተሳሳተ ስም የያዘውንም ሁሉ በአንድ ሣጥን ስለሚቀበሉ መልእክቱ ባይመለስም እንኳ ለተፈለገው ሰው ደርሷል ማለት አይደለም።

የመጀመሪያው መልእክት

ጥሩ የሚባል የመጀመሪያ መልእክት አጭር ነው። የዶሜኑን ስም፣ ላኪው ባለይዞታ ወይም ሕጋዊ ወኪል መሆኑን፣ ስሙ ለድርጅቱ ለምን ሊጠቅም እንደሚችል በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ እንዲሁም የላኪውን እውነተኛ ስምና ስልክ ይይዛል። አባሪ ፋይልና የማይታወቅ ማስፈንጠሪያ አይጨመርም፤ ጠንቃቃ ሠራተኛ ሁለቱንም አይከፍትምና።

ዋጋ በመጀመሪያው መልእክት ይገለጽ ወይስ አይገለጽ በሚለው ላይ ሻጮች ይለያያሉ። ዋጋ መግለጽ ጊዜ ይቆጥባል፣ የማይችለውንም ቶሎ ያሰናብታል። አለመግለጽ ለድርድር ቦታ ይተዋል፤ ነገር ግን ተቀባዩ «የት ሊያደርሰን ነው» ብሎ እንዲጠራጠር ያደርጋል። ምላሽ ካልመጣ አንድ ወይም ሁለት ማስታወሻ መላክ የተለመደ ነው። ከዚያ በላይ መደጋገም ግን ውትወታ ይሆናል። «ካልገዛችሁ ለተፎካካሪያችሁ እሸጠዋለሁ» የሚል ማስፈራሪያ ደግሞ ከንግድ ሥነ ምግባር ውጭ ከመሆኑም በላይ በክርክር ጊዜ የክፉ ልቦና ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል።

በቴክኒክ በኩል መልእክቱ ከላኪው የራሱ ዶሜን ቢላክ ይመረጣል። ዶሜኑም ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የተባሉት የላኪ ማረጋገጫዎች የተሟሉለት መሆን አለበት። ጂሜይልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ በላኪዎች ላይ የማረጋገጫ መስፈርቶችን አጥብቀዋል። ማረጋገጫ የሌለው መልእክት ትክክለኛው ሰው ጋ ቢላክም ሳይነበብ በአይፈለጌ ሣጥን ሊቀር ይችላል።

የሕግ ወሰን

የሌላውን የንግድ ምልክት በዶሜንነት አስመዝግቦ ለባለ ምልክቱ መልሶ ለመሸጥ መሞከር ሳይበርስኳቲንግ ይባላል። በዚህ ረገድ ቀደምት ከሆኑት ፍርዶች አንዱ ፓናቪዥን የተባለው የፊልም መሣሪያ ኩባንያ ያቀረበው ክስ ነው። የኩባንያውን ስም በዶት ኮም ያስመዘገበው ሰው ስሙን ለመልቀቅ 13,000 ዶላር ጠይቆ ነበር። የአሜሪካ ዘጠነኛ ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ለኩባንያው ፈረደ። በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ወር አሜሪካ በዚህ ጉዳይ ላይ የተለየ ሕግ አወጣች፤ በሕጉ መሠረት ፍርድ ቤት ለአንድ ዶሜን ከ1,000 እስከ 100,000 ዶላር የሚደርስ ካሣ ሊወስን ይችላል።

አይካን በዚያው በ1999 ዩዲአርፒ የተባለውን ወጥ የዶሜን ክርክር መፍቻ ደንብ አጸደቀ። ከሳሹ ሦስት ነገሮችን ማስረዳት አለበት፦

1. ዶሜኑ ከንግድ ምልክቱ ጋር አንድ ወይም አሳሳች በሆነ መልኩ ተመሳሳይ መሆኑን፤
2. ባለይዞታው በስሙ ላይ መብት ወይም ሕጋዊ ጥቅም የሌለው መሆኑን፤
3. ዶሜኑ በክፉ ልቦና የተመዘገበና ጥቅም ላይ የዋለ መሆኑን።

ደንቡ የክፉ ልቦና ማሳያ ብሎ ከዘረዘራቸው የመጀመሪያው፣ ስሙን በዋናነት ለባለ ምልክቱ ወይም ለተፎካካሪው ከምዝገባ ወጪ በላይ በሆነ ገንዘብ ለመሸጥ ማስመዝገብ ነው። በዚህ ደንብ በዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት የታየው የመጀመሪያ ጉዳይ ይህንኑ በግልጽ ያሳያል። አንድ የካሊፎርኒያ ነዋሪ የዓለም ትግል ፌዴሬሽንን ሙሉ ስም በዶት ኮም ካስመዘገበ ከሦስት ቀን በኋላ ለፌዴሬሽኑ በኢሜይል ስሙን በ1,000 ዶላር እንዲገዛው ጠየቀ። በድረ ገጽነት አልተጠቀመበትም ነበር። ሆኖም ዳኛው እ.ኤ.አ. በጥር 2000 የሽያጭ ጥያቄው ራሱ «መጠቀም» ነው በማለት ስሙ ለከሳሹ እንዲተላለፍ ወሰነ። ትክክለኛውን ኃላፊ ማግኘቱ ሻጩን አልጠቀመውም፤ ስሙን ያሳጣው ለእርሱ የጻፈው ኢሜይል ነበር።

በሌላ በኩል የተለመደ የመዝገበ ቃላት ቃልን በትርጉሙ ምክንያት አስመዝግቦ መሸጥ በራሱ ክፉ ልቦና እንዳልሆነ የክርክር ፓነሎች ተቀብለዋል። ከሳሹ መብት እንደሌለው እያወቀ የሌላውን ስም ለመንጠቅ ደንቡን ከተጠቀመ ደግሞ ፓነሉ «የተገላቢጦሽ የዶሜን ጠለፋ» ሲል ይወስንበታል። በዚህ ደንብ የሚሰጠው ውሳኔ ስሙን ማስተላለፍ ወይም መሰረዝ ብቻ ነው፤ የገንዘብ ካሣ የለበትም። በአንድ ዳኛ ለሚታይ ከ1 እስከ 5 ስሞችን የያዘ አቤቱታ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ክፍያ 1,500 ዶላር ነው። ስለዚህ ከዚህ ብዙ የራቀ ዋጋ የተጠየቀበት ኩባንያ ከመግዛት ይልቅ አቤቱታ ሊመርጥ ይችላል።

የማስታወቂያ ኢሜይል ሕጎችም አሉ። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2004 ጀምሮ የሚሠራው የአሜሪካ ካን ስፓም ሕግ ለድርጅቶች የሚላኩ የንግድ መልእክቶችንም ያካትታል። አሳሳች ርዕስና የውሸት ላኪ ስም ይከለክላል፣ የላኪው የፖስታ አድራሻ እንዲገለጽ ያስገድዳል፣ «አትላኩልኝ» ያለን ሰው ጥያቄ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸምንም ይጠይቃል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብም የሠራተኛን ስም የያዘ የሥራ ኢሜይል እንደ ግል መረጃ ይቆጥረዋል።

ማጭበርበርና ጥርጣሬ

ድርጅቶች ስለ ዶሜን የሚጻፍላቸውን ኢሜይል የሚጠራጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በብዛት ከሚታወቁት ማጭበርበሮች አንዱ ራሱን መዝጋቢ አስመስሎ «ሌላ ኩባንያ ስማችሁን ሊያስመዘግብ ነው፤ ቶሎ ክፈሉ» የሚል ነው። ሌላው ጊዜው ያላለፈን ዶሜን «ዕድሳቱ ደርሷል» እያሉ ደረሰኝ መሰል ወረቀት መላክ ነው። እውነተኛው ሻጭ የሚጽፈው መልእክት በእነዚህ መካከል ስለሚደርስ ማንነቱን በቀላሉ እንዲጣራ ማድረጉ ይጠቅመዋል። ለምሳሌ በራሱ ዶሜኑ ላይ የባለይዞታውን አድራሻ የያዘ የሽያጭ ገጽ ማስቀመጥ ስሙ በእጁ እንዳለ ያረጋግጣል።

ሻጭም ይታለላል። የተለመደው ዘዴ የውሸት ገዢ ከፍ ያለ ዋጋ ከሰጠ በኋላ «ከመክፈሌ በፊት ከዚህ ድርጅት የዋጋ ግምት የምስክር ወረቀት አምጣ» ማለት ነው። ግምት ሰጪው የራሱ የአጭበርባሪው ተባባሪ ሲሆን ሻጩ የግምቱን ክፍያ ከፍሎ ገዢው ይጠፋል።

ድርድርና ርክክብ

ገዢው ኩባንያ ትልቅ ከሆነ በራሱ ስም ላይደራደር ይችላል። ማንነቱ ሲታወቅ ዋጋ እንዳይጨምርበት በደላላ ወይም በጠበቃ በኩል ይቀርባል። በዚህ ጊዜ ሻጩ የሚያነጋግረው ሰው የሚወስነው ሳይሆን የሚወክለው ነው። ሻጩም በበኩሉ ደላላ ሊቀጥር ይችላል፤ ልምድ ያለው ደላላ ዋናው ሀብቱ በየኩባንያው ማን እንደሚወስን ማወቁ ነው።

ስምምነት ላይ ከተደረሰ ክፍያና ርክክብ ብዙውን ጊዜ በአደራ ያዥ (ኤስክሮው) በኩል ይፈጸማል። ገዢው ገንዘቡን ለአደራ ያዡ ያስገባል፤ ሻጩ ዶሜኑን ያስተላልፋል፤ ገዢው መረከቡን ሲያረጋግጥ ገንዘቡ ለሻጩ ይለቀቃል። ርክክቡ ከአንድ መዝጋቢ ወደ ሌላ ከሆነ ሻጩ የዶሜኑን ቁልፍ ከፍቶ የማስተላለፊያ ኮድ ይሰጣል። በአንድ መዝጋቢ ውስጥ ከሆነ ግን ከአንድ አካውንት ወደ ሌላ ማዛወር ብቻ ይበቃል። አዲስ የተመዘገበ ወይም ባለይዞታው የተቀየረ ዶሜን ለ60 ቀናት ወደ ሌላ መዝጋቢ እንዳይዛወር ሊታገድ ስለሚችል ይህ አስቀድሞ ለገዢው ይነገራል።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ የአገር ቅጥያ «ዶት ኢቲ» እ.ኤ.አ. በ1995 የተሰጠ ሲሆን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። በሥሩ ለንግድ «ዶት ኮም ዶት ኢቲ»፣ ለመንግሥት «ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ»፣ ለትምህርት «ዶት ኢዲዩ ዶት ኢቲ» እና የመሳሰሉት ክፍሎች አሉ። ኢትዮ ቴሌኮም ራሱ የአገሩን ቅጥያ ሲጠቀም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግን በዶት ኮም ይሠራል።

በኢትዮጵያ ድርጅቶች ውስጥ ኃላፊ ለማግኘት የሚያጋጥሙ ልዩ ሁኔታዎች አሉ። የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ወጥ አጻጻፍ የለውም፤ «ጸሐይ» የሚለውን ስም አንዱ በሁለት ፊደል ሌላው በአንድ ፊደል ሊጀምረው ይችላል። የቤተሰብ ስም ስለሌለም ኢሜይሉ በራስ ስም ብቻ ወይም ከአባት ስም መነሻ ፊደል ጋር ሊሆን ይችላል። በዚህ የተነሣ የኢሜይል ግምት በቀላሉ ይሳሳታል። ያው የፊደል ልዩነት በዶሜኑም ላይ አለ፤ አንዱ አጻጻፍ የተሸጠለት ድርጅት ሌሎቹን አጻጻፎች የያዘ ተጨማሪ ሻጭ ሊመጣበት ይችላል። ለድርጅት ሲጻፍ በአቶ፣ በወይዘሮ ወይም በማዕረግ ጠርቶ «እርስዎ» ማለት ተገቢ ነው። በጽሑፍ ከመገናኘት በፊት ደውሎ የሚመለከተውን ክፍል መጠየቅም የተለመደና የተሻለ መንገድ ነው።

በሕግ በኩል የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ምልክቶችን ይጠብቃል፤ መዝገቡን የሚይዘው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 15 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የማስታወቂያ ኢሜይል ማሰራጨትን ይመለከታል። አንቀጹ ነፃ ካደረጋቸው ሁኔታዎች አንዱ መልእክቱ የላኪውን ትክክለኛ ማንነትና አድራሻ እንዲሁም ተቀባዩ በቀላሉ እምቢ የሚልበትን መንገድ የያዘ ሲሆን ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን ስም፣ ስልክና ኢሜይል ሰብስቦ መያዝን በሕግ ሥር አድርጓል። (የአዋጆቹ ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ተጨማሪ ይዩ

* ዶሜን ስም
* ዲኤንኤስ
* አይካን
* የንግድ ምልክት
* ሳይበርስኳቲንግ
* አይፈለጌ ኢሜይል
* ኢትዮ ቴሌኮም